ትልቅ ጎማ፣ ትንሽ ሞተር፦ የማርሽ ስሌት በዳንግላ ከፍታ

ዳንግላ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የአዊ ዞን ከተማ ናት። አስፋልቱን ለቆ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚታጠፍ ተሽከርካሪ በበጋ አቧራና ድንጋይ፣ በክረምት ደግሞ ቀይ የሸክላ ጭቃ ይጠብቀዋል። ጎማዎች ደጋግመው የሄዱበት መንገድ ግራና ቀኙ እንደ ቦይ ይሰረጉዳል፤ መካከሉ ግን ከፍ ብሎ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የመኪናው ሆድ መሬት ይነካል፤ ጎማዎቹም በአየር ላይ እንዳሉ ያህል ያለ ፍሬ ይሽከረከራሉ።

እንዲህ ያለ ችግር ለሚገጥመው አነስተኛ የገጠር መኪና ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው መፍትሔ ትልቅ ጎማ ማጥለቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየትና ከመንገዱ ጋር ማስማማት የባለንብረቱም የመካኒኩም ጉዳይ ሆኗል። ይሁን እንጂ ትልቅ ጎማ ያጠለቀ ባለንብረት ብዙ ሳይቆይ ሌላ ቅሬታ ሲያሰማ ይደመጣል። መኪናው ከፍ ብሏል፤ ነገር ግን ዳገት እምቢ ይላል፤ ፍሬኑም እንደ ቀድሞው አይዝም።

ይህ የጎማው ወይም የመካኒኩ ጥፋት ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ ውጤት ነው። በዚህ ጽሑፍ ትልቅ ጎማ ራሱ እንደ ማርሽ እንደሚሠራ፣ የዳንግላ ከፍታም ሞተሩን እንዴት እንደሚያሳንሰው፣ ሁለቱንም ለማካካስ ምን ማድረግ እንደሚቻል በቁጥር እናሳያለን። ለምሳሌ የምንወስደው ሳሙራይ በሚል ስም ጭምር የሚታወቀውን ሱዙኪ ኤስጄ 413 ነው። ይህ መኪና 1324 ሲ.ሲ. የቤንዚን ሞተር ያለው፣ በአራቱም ጎማዎች መጎተት የሚችል ቀላል ተሽከርካሪ ነው።

የፈረስ ጉልበትና የፈረስ ባሕርይ

አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ሲሆን፣ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው ዓመታዊ በዓሉ በመላ አገሪቱ ይታወቃል። ስለዚህ ስለ ሞተር ስንናገር ከፈረስ መነሳታችን ለአካባቢው አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሮቹን ከፈረስ ጋር ለማወዳደር ያወጣው መለኪያ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። የምሳሌያችን መኪና ሞተር 64 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው ይባላል።

ነገር ግን 64 ፈረሶችና ይህ ሞተር አንድ አይደሉም። ፈረስ ከቆመበት ሲነሳ ደረቱን አስደግፎ፣ ኮቴውን መሬት ውስጥ ተክሎ፣ ገና ሳይንቀሳቀስ በከፍተኛ ጉልበት ይጎትታል። የቤንዚን ሞተር ግን ከቆመ ጉልበት የለውም፤ በደቂቃ 800 ያህል ዙር ካልዞረ ጭራሹን ይጠፋል። 64 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠውም በደቂቃ 6000 ዙር ገደማ ሲዞር ብቻ ነው። ስለዚህ በፍጥነት የሚሽከረከረውን ደካማ ጉልበት ወደ ዝግተኛና ብርቱ ጉልበት የሚለውጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። ያም መሣሪያ ማርሽ ነው።

ማርሽ የሚሠራው ዲጅኖ በሚሠራበት ሕግ ነው። ትልቅ ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው የዲጅኖውን ረጅም ጫፍ ብዙ ርቀት ወደ ታች ይገፋል፤ ድንጋዩ ግን ጥቂት ብቻ ይነሳል። ሰውየው ርቀት ከፍሎ ጉልበት ገዛ ማለት ነው። ማርሽም ዙር ከፍሎ ጉልበት ይገዛል። ኃይል የጉልበትና የፍጥነት ብዜት በመሆኑ አንዱን ያበዛ ሌላውን መቀነሱ ግድ ነው፤ ከምንም የሚገኝ ትርፍ የለም።

ጎማ እንደ ማርሽ

በምሳሌያችን መኪና ላይ የሞተሩ ዙር ወደ ጎማ እስኪደርስ በሦስት ቦታ ይቀነሳል። በካምቢዮው አንደኛ ማርሽ 3.652፣ ትራንስፈር በሚባለው ረዳት የማርሽ ሳጥን በቀላሉ ማርሽ 1.409፣ በዲፈረንሻሉ ደግሞ 3.727 ጊዜ ነው። ሦስቱ ሲባዙ 19.18 ይሆናሉ። ሞተሩ 19 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ የማዞር አቅሙ፣ ማለትም ቶርኩ፣ በዚያው ልክ ይበዛል።

ታሪኩ ግን ጎማው ዘንግ ላይ አያበቃም። መኪናውን ወደፊት የሚገፋው ጎማው መሬቱን ወደኋላ ሲገፋ ነው። የመግፋት ጉልበቱም በሚከተለው ቀመር ይሰላል፦

የመግፋት ጉልበት = የሞተሩ ቶርክ × ጠቅላላ የማርሽ ምጣኔ × የማስተላለፊያ ብቃት ÷ የጎማው ሬድየስ

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው የጎማው ሬድየስ አካፋይ ሆኖ መግባቱን ነው። ሬድየሱ ባደገ ቁጥር ጉልበቱ ያንሳል። ማርሹ ያበዛውን ትልቁ ጎማ መልሶ ያካፍለዋል ማለት ነው። ትልቅ ጎማ በተቃራኒው አቅጣጫ የተገጠመ ማርሽ ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን እናስገባ። የመኪናው መደበኛ ጎማ 205/70 አር 15 የሚል ጽሑፍ አለበት። 205 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ያለው መቶኛ፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የጎማው ሙሉ ዲያሜትር 668 ሚሊ ሜትር ይወጣል። በዚህ ፋንታ 235/75 አር 15 ቢጠለቅ ዲያሜትሩ 733 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 10 በመቶ ያህል ነው።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው። የዘንጉ ቁመት በዲያሜትሮቹ ልዩነት ግማሽ፣ ማለትም በ3.3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ትልቅ ክብ እንቅፋትን በቀላሉ የሚሻገር መሆኑም በጂኦሜትሪ ይረጋገጣል። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ የገጠመውን ተጎታች ጎማ ለማሻገር የሚያስፈልገው አግድም ጉልበት በትልቁ ጎማ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ከመግፋት ጉልበቱ ላይ 9 በመቶ ገደማ መቀነሱ ነው። ዋጋው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዳንግላ ሌላ ቀናሽ ቀድሞ ደርሷል።

ከፍታው የሚወስደው ድርሻ

በዳንግላ ውሃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት ማነሱ ነው። ይኸው የአየር መሳሳት ሞተሩንም ይነካዋል። ሞተር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል፤ የሲሊንደሮቹ ይዘት የማይለወጥ በመሆኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስቡት የአየር መጠን በእፍግታው ይወሰናል። በ2100 ሜትር ከፍታ የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 81 በመቶ ያህል ነው። ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ስለዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። 1324 ሲ.ሲ. የሆነው ሞተር ዳንግላ ላይ ሲደርስ በባሕር ዳርቻ እንደሚሠራ 1060 ሲ.ሲ. ሞተር ይሆናል።

ካርቡሬተር ያለው ሞተር ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ከቀረ ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በንጽጽር ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ሻማው ጥቀርሻ ይይዛል። ስለዚህ ማንኛውም ሌላ ለውጥ ከመታሰቡ በፊት ካርቡሬተሩን ለከፍታው ማስተካከል ይገባል።

ውጤቱን በዳገት እንለካው። መኪናው ከነጭነቱ 1300 ኪሎ ግራም ይመዝን፤ ሞተሩ በባሕር ወለል 100 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይስጥ፤ ከዚህም 85 በመቶው ጎማ ይድረስ። የረጠበ ለስላሳ መሬት የመኪናውን ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ለመንከባለል ብቻ ይወስዳል። በአንደኛ ማርሽና በትራንስፈሩ ቀላል ማርሽ የሚወጣው ዳገት እንዲህ ይሆናል። በባሕር ወለል በመደበኛ ጎማ፣ በየ100 ሜትር ጉዞ 28 ሜትር ከፍታ ይወጣል። በዳንግላ በዚያው ጎማ 21 ሜትር ይወጣል። በዳንግላ በትልቁ ጎማ ደግሞ 18 ሜትር ብቻ ይወጣል። መኪናው በፋብሪካው ስሌት ሊወጣ ከሚችለው ዳገት ከሦስተኛው በላይ ጠፋ ማለት ነው።

የታናሹ ወንድም ማርሽ

ለዚህ ችግር መልሱ የሚገኘው ሱዙኪ ራሱ በሠራው ሌላ መኪና ውስጥ ነው። ኩባንያው አነስተኛ ሞተርን ከባድ መንገድ የማስኬድ ልምዱ ረጅም ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤልጄ 10 የተባለው ጂፕ ሞተሩ 359 ሲ.ሲ. ብቻ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስጄ 410 ደግሞ 970 ሲ.ሲ. ሞተር ነበረው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ኤስጄ 413 በ1324 ሲ.ሲ. ሞተር ተከተለው።

የኤስጄ 410 መሐንዲሶች ሞተሩ ደካማ መሆኑን ስለሚያውቁ ከባድ ማርሽ ሰጡት። የትራንስፈሩ ምጣኔ 1.580፣ በዝግተኛው ከባድ ማርሽ 2.511፣ የዲፈረንሻሉም 4.111 ነው። ለኤስጄ 413 ግን ጠንካራ ሞተር ስላገኙ ማርሹን አቀለሉት፤ 1.409፣ 2.268 እና 3.727 አደረጉት። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ መካኒኮች ይህን አስተውለው፣ ትልቅ ጎማ ላጠለቀ ኤስጄ 413 የታናሹን ወንድም ማርሾች ወስደው ይገጥማሉ።

ቁጥሮቹ ለዳንግላ የተዘጋጁ እስኪመስሉ ድረስ ይስማማሉ። 4.111 ለ3.727 ሲካፈል 1.10 ነው፤ ትልቁ ጎማ የወሰደውን 10 በመቶ ዲፈረንሻሉ ሙሉ በሙሉ ይመልሳል። 1.580 ለ1.409 ሲካፈል 1.12 ነው፤ ከፍታው ከወሰደው ውስጥ ግማሽ ያህሉን ደግሞ ትራንስፈሩ ይተካል። ሁለቱ አብረው ሲገጠሙ ያው መኪና በትልቁ ጎማ በዳንግላ 24.5 ሜትር ይወጣል። ይህ በመደበኛ ጎማና ማርሽ በዳንግላ ከነበረው የበለጠ፣ በባሕር ወለል ከነበረው ግን አሁንም ያነሰ ነው። ከፍታው 1324 ሲ.ሲ. የነበረውን ሞተር ወደ 1060 አውርዶ ለ970ው ጎረቤት ካደረገው፣ የ970ው ማርሽ ቢስማማው ሊያስደንቅ አይገባም።

ይህም ዋጋ አለው። በአምስተኛ ማርሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሞተሩ ቀድሞ በደቂቃ 2650 ዙር ይዞር ከነበረ አሁን ወደ 3000 ይጠጋል። ድምፁ ይጨምራል፤ የአስፋልቱ ጉዞ ይሰለቻል። አብዛኛውን ጊዜውን በአውራ ጎዳና ላይ የሚያሳልፍ መኪና ሁለቱንም መለወጥ አያስፈልገው ይሆናል፤ ዲፈረንሻሉ ብቻ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ጥብቅ ሕግ አለ። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎች ምጣኔ አንድ መሆን አለበት። አንዱ ብቻ ከተለወጠ በአራቱም ጎማ ሲጎተት የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት ለመዞር ይታገላሉ፤ በደረቅ መሬት ላይ ትግሉ የሚያበቃው አንዱ ክፍል ሲሰበር ነው።

ጭቃ ሌላ ሕግ አለው

እስካሁን የተናገርነው ሞተሩ ስለሚሰጠው ጉልበት ነው። በክረምት ግን ጥያቄው መሬቱ ስንት ጉልበት ይቀበላል የሚለው ነው። የረጠበ ሸክላ የሰበቃ መጠን 0.35 ነው ብንል፣ 1300 ኪሎ ግራም የሚመዝነው መኪና በአራቱም ጎማዎቹ ሊገፋ የሚችለው ቢበዛ 4460 ኒውተን ነው። በትራንስፈሩ ከባድ ማርሽ ግን መኪናው በመደበኛ ጎማውና በዳንግላ ከፍታም ቢሆን 6280 ኒውተን ይሰጣል። ሞተሩ መሬቱ ከሚችለው በላይ አለው፤ ትርፉ ጎማውን ማንሸራተት ብቻ ነው።

ታዲያ በጭቃ ላይ ከባድ ማርሽ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ዝግታ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1000 ዙር ሲዞር መኪናው በአዲሱ ማርሽ በሰዓት 3.7 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በእግረኛ ዝግታ ይሄዳል። አሽከርካሪው ፍሪሲዮን ሳያቃጥል፣ ጎማው ሳይንሸራተት፣ ድንጋዩን እየመረጠ ያልፋል። መንሸራተት የጀመረ ጎማ የሚይዘው ካልተንሸራተተው ያነሰ ስለሆነ ዝግታ ራሱ ጉልበት ነው።

በጭቃ ላይ ስለ ትልቅ ጎማ የተለመደ አንድ የተሳሳተ ግምትም አለ። ጎማው ሲተልቅ መሬት የሚነካው ስፋት በዚያው ልክ ይሰፋል የሚለው ነው። ስፋቱን በዋናነት የሚወስነው ግን በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ነው። አንድ ጎማ የሚሸከመው ክብደት 3185 ኒውተን ከሆነና ግፊቱ 200 ኪሎ ፓስካል ከሆነ፣ መሬት የሚነካው ስፋት 160 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎማው ትልቅም ሆነ ትንሽ ይህ ብዙ አይለወጥም። ግፊቱ ወደ 120 ኪሎ ፓስካል ሲወርድ ግን ስፋቱ ወደ 265 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ይህ ለውጥ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊት መልሶ መንፋትን ነው፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

ፍሬን፣ ሚዛንና የፍጥነት መለኪያ

ዳገት መውጣት ያቃተው መኪና ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ መቆም ያቃተው ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ይህን ክፍል አንባቢ በጥሞና እንዲያነበው እንመክራለን።

ፍሬን ጎማውን የሚይዘው በመሐሉ ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ግን ከመሬት ጋር የሚገናኘው ዳሩ ነው። ሬድየሱ በ10 በመቶ ሲያድግ፣ በዚያው የእግር ግፊት የሚገኘው የማቆም ጉልበት 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የማርሽ ለውጥ ይህን አይመልስም፤ ማርሽ የሚመልሰው ሞተሩ በቁልቁለት የሚያደርገውን የመግታት ሥራ ብቻ ነው። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ቆላ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ እርዳታ ፍሬኑ ግሎ እንዳይከዳ የሚጠብቅ በመሆኑ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ትልቅ ጎማ ያጠለቀ መኪና ፍሬኑ ሊፈተሽ፣ ያረጀው ሸራም ሊለወጥ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሚዛን ነው። ይኸው መኪና በ1988 እ.ኤ.አ. ኮንሲዩመርስ ዩኒየን በተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት ተፈትኖ፣ በድንገት መሪ ሲዞር የመገልበጥ ዝንባሌ አለው በሚል ተቀባይነት የሌለው የሚል ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። ሱዙኪ በ1996 ድርጅቱን ከስሶ፣ ጉዳዩ በ2004 በስምምነት ተዘጋ። በዚያ ክርክር ማንም ይርታ፣ የሚዛን ሕግ አይለወጥም። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ 65 ሳንቲ ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ቁመትም 65 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የቆመው መኪና ወደ ጎን የሚገለበጠው መሬቱ 45 ዲግሪ ሲያጋድል ነው። ትልቁ ጎማ ይህን ወደ 44 ያወርደዋል። ጎማው እንዲያልፍ ተብሎ ባሌስትራው በ5 ሳንቲ ሜትር ከተነሳ ደግሞ ወደ 42 ይወርዳል። በጉዞ ላይ፣ በመታጠፊያና ጣሪያ ላይ በተጫነ ዕቃ፣ ትክክለኛው ገደብ ከዚህም በጣም ያነሰ ነው።

የፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል። በዚህ መኪና ላይ መለኪያው ዙሩን የሚቆጥረው ከትራንስፈሩ መውጫ ስለሆነ፣ ትልቅ ጎማ ብቻ ከተጠለቀ 80 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 88 ገደማ ነው። ዲፈረንሻሉ ወደ 4.111 ሲለወጥ ግን መለኪያው ወደ እውነቱ ይመለሳል።

በየትኛው እንጀምር?

ከላይ ከቀረበው ስሌት የገንዘብ አወጣጥ ቅደም ተከተል ማውጣት ይቻላል። በመጀመሪያ ወጪ የማይጠይቀው ይደረግ፤ የጎማው ግፊት ለመንገዱ ይስተካከል፤ ካርቡሬተሩ ለከፍታው ይቃና። ቀጥሎ በመደበኛ መጠኑ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ይታሰብ። የመኪናው ሆድ መሬት መንካቱ ካልቀረ ብቻ ወደ ትልቅ ጎማ ይኬድ፤ ሲኬድም የጎማው፣ የዲፈረንሻሉና የፍሬኑ ሒሳብ እንደ አንድ ዕቃ ዋጋ አብሮ ይያዝ። ሦስቱን አብሮ መክፈል የማይችል ሰው ጎማውን ብቻ ባይገዛ ይሻለዋል።

መኪና የሌለው ተማሪም ይህን ሕግ በእጁ ሊፈትነው ይችላል። በቆመ መኪና ጎማ ላይና ከሥሩ ባለው መሬት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር አስገፍቶ ርቀቱን በሜትር ይለካ፤ ለ6.28 ሲያካፍለው ጎማው ከነጭነቱ ያለውን ሬድየስ ያገኛል። ይህ ቁጥር ጎኑ ላይ ከተጻፈው ከሚሰላው ለምን ጥቂት እንደሚያንስ ያስብ። ማርሽ ያለው ብስክሌት ያገኘ ደግሞ የጥርሶቹን ብዛት ቆጥሮ አንዱን ዳገት በሁለት የተለያዩ ማርሾች ይውጣ። በሁለቱም ጊዜ የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ እግሩ የከፈለው ዋጋ ግን እንዴት እንደተለያየ ራሱ ይነግረዋል።

ነገ በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ መኪና ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ እንደ ፈረስም ከቆመበት ጀምሮ በሙሉ ጉልበቱ ይጎትታል። የጎማው ሬድየስ ግን በእርሱም ቀመር ውስጥ አካፋይ ሆኖ ይቀራል።